በዋንዛው ባላ ሥር

ጽጌማርያም ከገብርኤል ንግሥ የሌሊት ቅዳሴ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ጉድጓዱን ነው። ነጠላዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም። የግቢውን በር ከፍታ፣ በሩ ላይ የተንዠረገገውን ቡገንቪላ በእጇ ገለል አድርጋ እንደገባች፣ ዓይኗ እንደ ልማዱ ወደ አጥሩ ጥግ፣ ወደ ዋንዛው ባላ ሄደ። ባላው እንደቆመ ነው። ባላው ላይ የነበረው የደረቀ ሐረግ ግን ተጎትቶ መሬት ላይ ተጥሏል፤ ሥሩ የነበረው አፈርም ተገላብጧል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ዶማው አጠገቡ ተጋድሟል።

በዚያ በነጭ ቀሚሷ፣ በበዓል ቀን፣ አፈር ላይ ቁጭ አለች።

ባሏ እዮብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ፊቱ ላይ የመላጫ አረፋ እንዳለ ከቤት ወጣ። ደስ ብሎታል። ያቤሎ አካባቢ ከሚሠራበት የመንገድ ሥራ ካምፕ ከመጣ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከግንቦት ጀምሮ ቤቱን አላየም ነበር። ድንገት ሊያስደስታት ፈልጎ ሳይነግራት እንደቆፈረው አወራላት። ቦይናውን፣ እንደ ድንች ተቀቅሎ የሚበላውን ሥር፣ ገና ሳይነጋ አውጥቶ፣ አፈሩን አራግፎ፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ አንድ ሰዓት ላይ በሚወጣው በደጀኔ ሚኒባስ ወደ ይርጋጨፌ ልኮታል። እዚያ የእህቱ ባል ዘነበ ተቀብሎ እናታቸው መንደር፣ ኮንጋ ያደርሰዋል። እህቱ ሀኒ ከወለደች ዐሥር ቀኗ ነው፤ እናታቸው ቤት ተኝታለች። ቦይና ለአራስ ጥሩ ነው፤ ያበረታል፣ ወተት ይጨምራል።

«ትንሽ ቀጫጭን ናቸው» አለ እዮብ። «የከተማ አፈር ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? ግን እናቴ ‹ሚስትህ መሬት አታውቅም› ስትለኝ ኖራ፣ ዛሬ አፏን ዘጋሁልሽ።»

ጽጌ ቀና ብላ አየችው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጁን በሳሙና ታጥቦ እንደሆነ። እዮብ ሳቀና ቆፍሮ የማይታጠብ ሰው አለ ወይ ብሎ ወደ መላጫው ተመለሰ።

ያ የተላከው ቦይና አልነበረም። መርዝ ነው። ይህን በዚያ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ሰው ለአበባ ብሎ እስከዚህ ይዋሻል ወይ የሚል ካለ ጽጌማርያምን አያውቃትም። ጽጌ ዲላ ተወልዳ ዲላ ያደገች ናት። አባቷ ከጎጃም በመምህርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፤ ልቧ ግን ያለው ጓሮዋ ነው። ዲላ ደግሞ ዝናቧ ሳይለመን ይመጣል፤ እንጨት አቁመህ ዞር ስትል ሐረግ ተጠምጥሞበት ታገኛለህ። በሯ ላይ ቡገንቪላ አላት። መስኮቷን ፓሽን ፍሩት ወሮታል። የውሃ ታንከሩ እግሮች ላይ ጧት ፈክቶ ቀትር ላይ የሚሰበሰብ ሰማያዊ አበባ ወጥቷል። የባጃጅ ሾፌሮች ሰፈሩን «አበባዋ ሴትዮ ጋ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ እሷም ይህን ስትሰማ ያልሰማች ትመስላለች እንጂ ደስ ይላታል።

አማቷ እማማ ሙሉዓለም ሌላ ሰው ናቸው። ኮንጋ ያለው ጓሯቸው ውስጥ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ዋንዛው፣ ቦይናው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ነው የሚኖረው፤ ሆድ የማይሞላ ነገር ግን ቦታ የለውም። አንድ ቀን የምራታቸውን ቡገንቪላ ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ፣ አበባ ካሰኘኝ ቡናዬ በየካቲት ያብብልኛል፣ እሱ ደግሞ ፍሬ አለው ብለዋል። ጽጌ ፈገግ አለች፤ ንግግሩ ግን እንደ እሾህ ገብቶ ቀረ።

በእነ እዮብ ቤት ወግ አለ። ምራት ጓሮ ስትይዝ አማት የቦይና ዘርና አንድ ባላ ይዛላት ትመጣለች። ባላው ሐረጉ የሚወጣበት እንጨት ነው፤ ከአማቲቱ ግቢ የተቆረጠ መሆን አለበት። ቦይና በክረምት ሲለመልም ሁሉም ያየዋል፤ በጋ ሲገባ ግን ሐረጉ ይደርቅና ከላይ የሚታይ ነገር አይኖርም፤ ባላው ብቻ ይቀራል። እነሱ ቤት ባላ ከቆመ ቦይና አለ ማለት ነው፤ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። መጀመሪያ የተቆፈረው ደግሞ በባለቤቲቱ ቤት አይቀመስም፤ ዘሩን ለሰጠችው ይመለሳል። ዘር የሰጠ አስቀድሞ ይቅመስ ይላሉ።

እማማ ሙሉዓለምም በየካቲት ወር ስድስት ፍሬ የዘር ቦይና በኮባ ጠቅልለው፣ ባላውን ሚኒባስ ላይ አስጭነው መጡ። እንዴት እንደሚተከል አንድ በአንድ አስረዱ። ጽጌ «እሺ እማማ» እያለች ዓይኗ ቡገንቪላው ላይ ነበር። በማግሥቱ እሑድ እናቷ ሊጠይቋት ሲመጡ ኩሽና ውስጥ ያ ነገር ተቀምጦ አገኘችው። አጥባ ቀቀለችው። በሚጥሚጣ በሉት። እናትና ልጅ እንዲህ ያለ ቦይና ቀምሰን አናውቅም ተባባሉ።

ሰኞ እማማ ደወሉ። ተከልሽው ወይ አሏት። ዘር መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። ዘር መብላት እንኳን ገበሬ ቤት፣ የትም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር ነው። ጽጌ ደግሞ እዚያ ቤት በጎደሎ ሚዛን የምትታይ ምራት ናት፤ ሃይማኖቷ ሌላ፣ ቋንቋዋ ሌላ፣ ጓሮዋ አበባ። «ተክያለሁ» አለች። በማግሥቱ ገበያ ወጥታ ሌላ ዘር ገዝታ ልትተክል ነበር። ነገ፣ ነገ ስትል መጋቢት አለፈ፤ ባዶው ባላ ግቢዋ ውስጥ ቆሞ ያፈጥጥባት ጀመር።

ከዚያ ነው ገሪማ ጋ የሄደችው። ገሪማ ድልድዩ አጠገብ ችግኝ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። በእርጥብ ወረቀት የተጠቀለለ፣ እንደ ታጠፈ ጣት ያለ ሥር ሰጣት። ቅጠሉ ጫፉን አጥፎ እንጨት የሚይዝ፣ በሐምሌ ቀይና ቢጫ እሳት የሚመስል አበባ የሚያወጣ ሐረግ ነው አላት። ደግሞ አስጠነቀቃት፤ ስትነኪው እጅሽን ታጠቢ፣ ፍየል አታስጠጊ፣ ሥሩን የቀመሰ ሰው ማስመለስ ከጀመረው ሐኪምም አያቆመውም አለ። ጽጌ የሰማችው ስለ አበባው ነው፤ የቀረው ግን ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ወጣ።

አበባው በሐምሌ ሲፈካ ሰው ከመንገድ ቆሞ ያይ ነበር። እማማ በስልክ፣ ሐረጉ ባላው ጫፍ ደረሰ ወይ ሲሉ፣ ደርሶ አልፏል ትላለች። ውሸት አልነበረም። በኅዳር ሐረጉ ደረቀ፤ ባላው ብቻ ቀረ። ከትናንት በስቲያ እዮብ ከካምፕ መጥቶ የእናቱን ዋንዛ ቆሞ አየ። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አጎቱ ቤት ከተማ ያደገ ሰው ነው፤ ቦይና የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው። ባላውን ግን ያውቀዋል።

እንግዲህ አሁን ሦስት ሰዓት ነው። ሥሩ ኮንጋ ገብቷል። እሱን የምትበላው ሀኒ ናት፤ ደረቷ ላይ የዐሥር ቀን ሕፃን አለ።

ጽጌ ከመሬት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩን ዘጋችና የሀኒ ስልክ ላይ ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ ያነሡት እማማ ሙሉዓለም ናቸው። ከኋላቸው ሴቶች ይዘምራሉ፤ ከቤተ ክርስቲያናቸው ለጥየቃ የመጡ ይሆናሉ። ሕፃኑ ያለቅሳል።

«ደረሰ ቦይናሽ» አሉ እማማ። «አየሁት።»

ከዚያ ዝም አሉ። ያን ዝምታ ጽጌ በኋላ ደጋግማ አስባዋለች። በሩ እኮ ተከፍቶላት ነበር። ቦይና አይደለም፣ መርዝ ነው ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ግን ስልኩ ውስጥ ሴቶቹ ይዘምራሉ፤ ከበሩ ማዶ እዮብ እያፏጨ ይላጫል፤ እሷም የተናገረችውን ሁሉ ከየካቲት ጀምሮ መልሳ መዋጥ ሊኖርባት ነው። አፏ ሲከፈት የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«እማማ፣ እንዳይላጥ። እኔ እየመጣሁ ነው። በእጄ ልላጥላት ብዬ ነው።»

«በእጅሽ?»

«አዎ። ለአራሷ... በእጄ።»

መዝሙሩ አልቆ ሌላ ተጀመረ።

«እንግዲያው ፈጥነሽ ነይ» አሉ። «ሀኒ ርቧታል።»

ስልኩ ተዘጋ። ጽጌ ዋናውን ሳትናገር እንደቀረች ወዲያው ገባትና መልሳ ደወለች። የደወሉላቸው ደንበኛ ማግኘት አይቻልም የምትለው ሴት መለሰችላት። ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስት ጊዜ ያቺው ሴት። የዘነበም እንደዚያው ነው፤ እማማ የራሳቸው ስልክ የላቸውም። ለእዮብ አራሷን ልጠይቅ ነው ብላ በቤተ ክርስቲያን ልብሷ ከቤት ወጣች። እሱም ከኋላዋ፣ ቡገንቪላው ሥር ቆሞ፣ እናቴ ምን እንዳለች ደውለሽ ንገሪኝ አላት።

ባጃጁ መናኸሪያ ሲያደርሳት የይርጋጨፌው መኪና ሁለት ሰው ጎድሎት ቆሟል። ረዳቱ እየተጣራ ነው። እሷ የሁለቱን ሰው ሒሳብ ከፍላ እንሂድ አለች። ሾፌሩ ገረመው፤ ለአራስ ነው የምሄደው አለችው፤ እንኳን ማርያም ማረቻት ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ታኅሣሥ የቡና ወር ነው። መንገዱ እሸት ቡና በጫኑ አይሱዙዎች ተሞልቷል። ከወናጎ በኋላ አንዱ ጎማው ፈንድቶ መንገዱን በግማሽ ዘግቷል። ከዚህም ከዚያም መኪና ተሰልፏል፤ ሰው ወርዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል። ጽጌ ስልኳን አውጥታ መልእክት ጻፈች። «ከመብላታችሁ በፊት ጠብቁኝ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። «አትብሉት፣ ጤና አይሰጥም» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋች። በመጨረሻ «መርዝ ነው» ብላ ላከችው። ስልኩ ትንሽ ዞሮ አልተላከም አላት። ደግማ ላከች። አልተላከም።

ለራሷ ሒሳብ ጀመረች። ቦይና ለመላጥ ሩብ ሰዓት፣ ለመቀቀል ግማሽ ሰዓት። እማማ ደግሞ ሰው ቢለምናቸውም የተራበ አያስጠብቁም። እጠብቅሻለሁ አላሉም እኮ፤ ፈጥነሽ ነይ ነው ያሉት። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ እንባዋን አይተው፣ ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ገና ነው ልትል ምንም አልቀራትም፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ይርጋጨፌ ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ቅዳሜ ስለነበር ገበያው ሞልቷል። ጽጌ ሞተር ልትይዝ ስትሮጥ አንዲት ሴት ኮባ ላይ ቦይና ደርድራ አየች፤ ቀጫጭን፣ ጣት ጣት የሚያህል። እግሯ ቆመ።

ይሄኔ ነው እንግዲህ ጽጌማርያምን መውቀስ የሚገባው። እስካሁን ደንግጣ ነው ይባል። እዚህ ግን በደንብ አሰበችበት። ይህን ይዤ ብገባ፣ ኩሽና ብገባ፣ ጥቅሉን ፈትቼ ብለውጠው ማን ያውቃል? ሀኒም ትድናለች፣ እኔም እድናለሁ። ጎንበስ ብላ መረጠች። መርጣ፣ ተከራክራ፣ አስመዝና፣ መልስ ጠብቃ በፌስታል ይዛ ተነሣች። ዐሥር ደቂቃ ሄደ። ሞተሩ ላይ ስትወጣ ነው ያ ዐሥር ደቂቃ ምን እንደሆነ የገባት። ዐሥር ደቂቃ እኮ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ሳህን የሚጨርስበት ጊዜ ነው።

የሞተሩ ልጅ ፈይሰል ይባላል። ወደ ኮንጋ ብላ ትከሻውን ያዘችው። ፍጠን አለችው፤ ፈጠነ። ደግማ ፍጠን አለችው። አቧራው ነጠላዋን አለበሰው፤ የቡናው ቅርንጫፍ ጉልበቷን ይገርፋታል። ከማጠቢያ ጣቢያው የሚወጣው የቡና ገለባ ሽታ አፍንጫዋን ሲመታት እንደደረሱ አወቀች። ጸሎት መጀመሯን ራሷም አላወቀችም፤ ገብርኤልን ነበር የምትጠራው፤ ከእሳት ያወጣውን።

የእማማ ሙሉዓለም ቤት በር ክፍት ነው። መዝሙር አይሰማም። ጽጌ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ፌስታሏን እንደያዘች ገባች።

ሀኒ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ አጠገቧ ተኝቷል። ሁለት ሴቶች አግዳሚው ላይ ናቸው። እማማ ከአልጋው እግር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አልተነሡም። ሀኒ ጭን ላይ ሳህን አለ። ሳህኑ ላይ ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ ቅቤ የፈሰሰበት ነጭ ነገር ይጨሳል።

«ጽጌዬ!» አለች ሀኒ። «ቦይናሽን ልበላ ስል ደረስሽ።»

«ተላጠ እንዴ?» አለች ጽጌ።

«ርቧታል አልኩሽ እኮ» አሉ እማማ። ዓይናቸውን ከፊቷ አላነሡም።

ሀኒ አንዱን ቁራሽ አንሥታ እፍ አለችበት። ጽጌ ቆማ ታያለች። በዚያች ቅጽበት እንኳ ውሸቱ መንገዱን ለምዶታልና መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው። ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ያቃጥልሻል አለቻት። ሀኒ ሳቀች፤ ሲቀዘቅዝ አይጥምም ብላ ቁራሹን ወደ አፏ አነሣች። ከንፈሯ ሲከፈት ጽጌ ጥርሶቿን አየች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው። ፌስታሉ ወደቀ፤ ጽጌ ዘልላ የሀኒን እጅ መታች፤ ሳህኑ ተገልብጦ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሕፃኑ ባነነና አለቀሰ።

«ቦይና አይደለም!» አለች ጽጌ። «አበባ ነው የተከልኩት። ሥሩ ይገድላል። እያወቅኩ ነው፣ ሀኒ፣ ስደውልም እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። ቀምሰሻል? ንገሪኝ፣ ቀምሰሻል?»

ሀኒ አፏን ከፍታ ቀረች። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። እማማ ሙሉዓለም ብቻ ከበርጩማቸው ጎንበስ አሉና ከመሬት አንድ ቁራሽ አነሡ። በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

ጽጌ ጮኸች። እጃቸውን ያዘች፤ ይትፉት፣ በእናቴ ይትፉት እያለች ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እማማ ቀስ ብለው አኘኩ፤ ዋጡም።

«የራሴ ጓሮ ቦይና ነው» አሉ። «ተነሺ።»

ከበሩ ኋላ የኮባውን ጥቅል አውጥተው ፊቷ አስቀመጡ። ሥሮቹ እንደመጡ አሉ፤ አንዱ ብቻ በጥፍር ተጭሯል።

«ጧት ዘነበ ሲያመጣው ጫርኩት» አሉ እማማ። «ቦይና ሲጫር ይዝለገለጋል። እጅ ያሳክካል። ይሄ ዝም አለኝ። ይሄን ሥር ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ ፍየላችንን ገድሏል። እንግዲህ ምራቴ ሳታውቅ ልካ ነው አልኩ። ልደውልልሽ ስል አንቺ ደወልሽ። ጎሽ፣ አውቃለች፣ ልትነግረኝ ነው አልኩ። ‹በእጄ ልላጥላት› አልሽኝ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ።

«ያን ጊዜ ፈራሁሽ። ሳታውቂ ብትልኪ ምንም አይደለም፤ አውቀሽ ዝም ካልሽ እኔ በምን ልመንሽ? ስልኩን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ የዘነበንም ጭምር። ፊትሽን እያየሁ ልስማሽ ብዬ። ይህቺ ሥር ከሥር የማትለይ ልጄ ብቻዋን ብትሆን ኖሮስ?»

ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ያ ዐሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር። ጽጌ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ስለተያዘች አልነበረም፤ ሀኒ በሕይወት ስላለች ነው፤ ደግሞም በራሷ አፍራ ነው። እማማ እንድታለቅስ ተዉአት። ጥቂት ቆይተው ግን ጠየቁ።

«ዘሬስ የት ሄደ?»

ከየካቲት ጀምሮ ስትሸሸው የኖረችው ጥያቄ ይሄ ነበር። ለሞት የሚያበቃውን ከተናገረች በኋላ እንኳ ይሄኛው አፏ ላይ ከበደ።

«በላሁት፣ እማማ» አለች። «ባመጡት ማግሥት። ከእናቴ ጋር ቀቅለን በላነው።»

አንዷ ሴት አፏን ያዘች። ቀድማ የሳቀች ሀኒ ናት፤ ሆዷን ደግፋ፣ ወይኔ ስፌቴ እያለች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሴቶቹም ተከተሏት። እማማ ሙሉዓለም አልሳቁም።

«ጣፈጠሽ?»

«በጣም።»

«ይጣፍጣላ» አሉ። «የእናቴ ዘር ነው። ስሰጥሽ ከጓሮዬ ጥሩ ጥሩዎቹን መርጬ ነበር።»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ጽጌ ይህን ከመስማት እርግማን ብትሰማ ይሻላት ነበር። እማማ ግን ሌላ አልጨመሩም። መሬት ላይ የወደቀውን ፌስታል በእግራቸው ነካ አድርገው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከገበያ የተገዛ ቦይና ነው አለች፤ ልለውጠው ብዬ ነበር ብላም ጨመረች፤ አሁን አንዱን ደብቃ ሌላውን መናገር ትርጉም አልነበረውም። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢላዋና ጎድጓዳ ሳህን አምጥተው ጭኗ ላይ አኖሩ።

«በእጄ ልላጥላት አላልሽም? ላጪ።»

ጽጌ ነጠላዋን አጣፍታ መሬት ላይ ተቀምጣ መላጥ ጀመረች። ሁለተኛው ላይ እጇ ተዝለገለገ፤ ቢላዋው ያሟልጫት ጀመር። አራተኛው ላይ ማሳከኩ ጀመረ፤ መጀመሪያ ጣቶቿን፣ ከዚያ አንጓዋን፣ ከዚያ እስከ ክንዷ። አላከከችውም። እውነተኛ ቦይና መሆኑን የሚነግራት እሱ ነበር፤ ባሳከካት ቁጥር ትንፋሿ ይረጋጋል።

«ሁለቱን ተያቸው» አሉ እማማ። የተተዉትን ሁለት ቦይና ወስደው በአዲስ ኮባ ጠቀለሉና አጠገቧ አስቀመጡት። የአበባውን ሥር ጥቅልም ከጎኑ አደረጉት። ሁለቱንም እሷ ይዛ እንደምትሄድ፣ የትኛው የት እንደሚተከልም ከእንግዲህ የራሷ ነገር እንደሆነ ነገሯት።

ከዚያ የሀኒን ስልክ ከመቀነታቸው አውጥተው ከፈቱ። ቁጥር ፈልገው ነኩ። የጽጌ እጅ በቦይናው ዝልግልግ ስለተነካካ ስልኩን ራሳቸው ይዘው ጆሮዋ ላይ ለጠፉት። አንድ ጊዜ ጠራ፤ ሁለተኛውን ሳይጨርስ እዮብ አነሣው። ድምፁ ጧት እንደተወችው ነው፣ ደስ ያለው።

«ደረስሽ? ቀመሱት? እናቴ ምን አለች?»

ጽጌ ቀና ብላ አማቷን አየች። እማማ ሙሉዓለም ስልኩን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል፤ ሊረዷትም ሊገፏትም አልፈለጉም። እጇ እስከ ክርኗ ያሳክካታል።

«እዮብ» አለች፤ «ባላው ሥር የቆፈርከው ቦይና አልነበረም።»